ለአባባ፣ ከኤይላት

ይድረስ ለውድ አባቴ

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ያ ዓሣ ውኃ ውስጥ እንዴት ቀይ ሆኖ ወጣልህ? ካሜራውን ስንት ላይ አድርገኸው ነው?» አሉኝ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ በደንብ አልመለስኩልዎትም። ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ «ደስ ይላል» ብሎ ነው የሚያልፈው። ጎንደር ፎቶ ቤት ውስጥ የኖሩት እርስዎ ብቻ እንዲህ ጠየቁኝ። ደስ አለኝ።

ነገሩ ሁሉ ያለው ብርሃኑ ላይ ነው። ውኃ ቀለም ይበላል፤ መጀመሪያ የሚበላው ደግሞ ቀዩን ነው። እዚህ ቀይ ባሕር ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ጥቂት ሜትር ወርጄ ቀዩን ጓንቴን ሳየው ቡናማ ይመስላል። ስለዚህ ፀሐይዋን ትቼ የራሴን ፍላሽ ይዤ እገባለሁ። እርስዎ መጋረጃውን ዘግተው በመብራት ይሠሩ አልነበር? እሱው ነው።

ካሜራው ማኑዋል ላይ ነው፤ ሁሉንም በእጄ ነው የማስተካክለው። ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) 1/200 ሴኮንድ፣ አይኤስኦ 100 (ፊልሙ የ100 ነው ወይስ የ400 ይሉት የነበረው)፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 16 (ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል)። በዚህ ልክ ፍላሽ ሳልጠቀም ባነሳ ፎቶው ጨለማ ነው። የሚታየው ፍላሹ ያበራው ብቻ ነው፤ ብልጭታው ደግሞ ለቅጽበት ስለሆነ ዓሣው ቢወራጭም አይደበዝዝም። ቀዳዳውን ያጠበብኩት፣ በጣም ሲጠጉ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ነው። ከኤፍ 22 በላይ ማጥበብ ግን ጥራቱን ያበላሻል። ፎቶው ሲጨልምብኝ ቀዳዳውን አልነካም፤ የፍላሹን ኃይል እጨምራለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ፎቶዎቼ ሁሉ ጤፍ የተበተነባቸው ይመስሉ ነበር። ውኃው ውስጥ ያለውን ብናኝ ፍላሹ እያበራው ነው። ፍላሾቹን ከሌንሱ አርቄ ግራና ቀኝ አደረግኳቸው፣ ፊታቸውንም ትንሽ ወደ ውጭ አዞርኩ። አብዛኛው ጠፋ። ከዚያ ደግሞ መጠጋት። በመካከል ያለው ውኃ ባነሰ ቁጥር ብናኙም ያንሳል፣ ቀለሙም ይመለሳል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ዛጎል የሌለው የባሕር ቀንድ አውጣ አገኘሁ። ቁመቱ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ጀርባው ላይ አበባ የመሰለ ነገር አለው፤ የሚተነፍሰው በሱ ነው። ፎከሱን ቆልፌ፣ ሁለቱ ቀንዶቹ ጥርት እስኪሉ ድረስ ራሴን በትንሽ በትንሹ ወደፊት ገፋሁ። እርስዎ በዝግታ ሻተር ሲያነሱ ትንፋሽዎን ይይዙ ነበር። እዚህ ግን የምተነፍሰው ከጀርባዬ ካዘልኩት የታመቀ አየር ስለሆነ ትንፋሽ መያዝ ለሳንባ አደገኛ ነው። ኮራሉን፣ ያን ድንጋይ የሚመስለውን የባሕር ፍጥረት፣ መደገፍም አይቻልም፤ በቀላሉ ይሰበራል፣ መልሶ ለማደግ ደግሞ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ቀስ ብዬ እየተነፈስኩ ተንሳፍፌ ጠበቅኩት። ካነሳሁት ሁሉ ሁለቱ ብቻ ወጡልኝ።

ሁለቱንም ለዓይንዎ እንዲመቹ በትልቁ አሳትሜ ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ። በሁለተኛው ላይ በግራ በኩል መብራቱ የበዛ ይመስለኛል። ማጉያ መነጽርዎን አውጥተው ይዩልኝ። ለሲግድ በዓል ስመጣ ይነግሩኛል፤ ካሜራውንም ይዤው እመጣለሁ።

ልጅዎ