የእሁዱ ጉዞ፦ እሾህ፣ አሸዋና ደቻቱ

ሰላም የብስክሌት ወዳጆች! እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት አሮጌው ባቡር ጣቢያ በር ላይ እንገናኝ። ድሬ ከረፋዱ በኋላ ምሕረት የላትም፤ ፀሐይ ሳይከር መመለስ አለብን።

የምንነዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የግራር ጫካ ውስጥ ነው። ዋናው ጠላታችን እሾህ ነው። በተለይ የፕሮሶፒስ (ያ ወራሪው እሾሃማ ዛፍ) እሾህ ጎማውን በስቶ ሲሰበር ጫፉ እዚያው ይቀራል። የውስጡን ጎማ ብቻ ቀይራችሁ ብትነፉት ወዲያው ይተነፍሳል። ከመግጠማችሁ በፊት የውጭውን ጎማ ከውስጥ በኩል በጨርቅ አብሱት። ጨርቁ የተያዘበት ቦታ እሾሁ አለ። በጣት እንዳትሞክሩት!

አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን አትያዙ። ክብደታችሁን ወደ ኋላ አድርጉና ፔዳሉን ሳታቋርጡ ምቱ።

በከተማው መሃል የሚያልፈው፣ ብዙ ጊዜ ደረቅ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ውስጥ ግን ማንም አይገባም። ክረምት ነው። ድሬ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ድንገት ይመጣል። የ1998ቱን የሐምሌ መጨረሻ ጎርፍ ለድሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም።

ፍየል የሚያግዱ ልጆች ወይም እንጨት የተሸከሙ እናቶች ካጋጠሟችሁ ወርዳችሁ አሳልፉ። ሄልሜት የሌለው አይነዳም፤ «ይሞቀኛል» አይሰራም። ትርፍ የውስጥ ጎማና መንፊያ ያለው ይያዝ። ሻይ በእኔ ነው።