ለልጄ፦ የልጆችን መጽሐፍ ስትመዝኚ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የልጆች ሥነ ጽሑፍ ኮርስ መጀመርሽን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። የአንደኛ ደረጃ መምህር የሚመርጠው መጽሐፍ ልጁ ንባብን እንዲወድ ወይም እንዲሸሽ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ይህን ኮርስ እንደ ቀላል እንዳታይው።

ከሁሉ በፊት አንድ ልማድ ተዪልኝ። መጽሐፍ አንስተሽ «ምን ያስተምራል?» ብለሽ አትጀምሪ። ይህ ጥያቄ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ «ታሪኩ እንደ ታሪክ ቆሟል ወይ?» በዪ። ምክር ለመስጠት ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ ገጸ ባሕርያቱ ሰው አይሆኑም፤ ክፉው ክፉ፣ ደጉ ደግ ሆኖ ይጀምርና እንደዚያው ያልቃል። አንድ ልጅ ወንድሙን ዋሽቶ ተጸጸተ እንበል። ደካማው መጽሐፍ «ልጁ በጣም አዘነ፤ መዋሸት መጥፎ እንደሆነም ተማረ» ይላል። ጠንካራው ደግሞ «ራቱን ሳይነካ ተኛ። ወንድሙ ብርድ ልብሱን ሲያካፍለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ» ይላል። በሁለተኛው ውስጥ ጸጸት የሚል ቃል የለም። ጸጸቱን ፈልጎ የሚያገኘው አንባቢው ልጅ ነው፤ ያገኘውንም አይረሳውም።

ሴራውን፣ ማለትም የታሪኩን አካሄድ፣ ስትመረምሪ ችግሩን ማን እንደፈታው እዪ። ባለታሪኩ ልጅ ሲታገል ቆይቶ በመጨረሻው ገጽ አባት ወይም አስተማሪ መጥቶ ሁሉን ካስተካከለ፣ ታሪኩ ከልጁ እጅ ተነጥቋል።

ሥዕላዊ መጽሐፍ የራሱ አነባበብ አለው። አብዛኛዎቹ 32 ገጽ ናቸው፤ ወረቀቱ ታትሞ በስምንት ብዜት ስለሚታጠፍ ነው። ከዚያ ላይ የርዕስና የኅትመት መረጃ ገጾች ሲነሱ ለታሪኩ የሚተርፈው አሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ጥንድ ገጽ ያህል ነው። ስለዚህ ቦታ የሚያባክን ዓረፍተ ነገር ወዲያው ያስታውቃል። ሦስት ጊዜ አንብቢው፦ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም አንባቢ ሳታቋርጪ፤ ቀጥሎ ጽሑፉን በወረቀት ሸፍነሽ ሥዕሉን ብቻ፤ በመጨረሻ ሥዕሉን ሸፍነሽ ጽሑፉን ብቻ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ከነገሩሽ አንዱ ሥራ ፈት ነው። ጽሑፉ «ድመቷ ጠፋች» ሲል ሥዕሉ ጅራቷን ከአልጋው ሥር ካሳየ ግን ልጁ ከተራኪው ቀድሞ ያውቃል፤ በደስታ የሚጮኸውም ለዚህ ነው። ገጹ የሚገለጥበትንም ቦታ ልብ በዪ። ጥሩ ደራሲ ጥያቄውን በቀኝ ገጽ መጨረሻ ላይ ይተወዋል፤ መልሱ ሲገለጥ ይመጣል። መልሱ እዚያው ጥያቄው አጠገብ ከተሣለ ጉጉቱ ይሞታል።

ለክፍል ጮክ ብለሽ የምታነቢው ከሆነ መጽሐፉን አቁመሽ ሦስት ሜትር ያህል ራቂና እዪው። ፊቶቹ ይለያሉ? ዋናው ነገር መሐል መጋጠሚያው ውስጥ ገብቶ ተውጧል? ጽሑፉ ቀይ ያለው ቀሚስ በሥዕሉ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ከአንቺ በፊት ልጆቹ ይይዙታል፣ ንባቡም እዚያው ይቆማል። ከማንበብሽ በፊት ጠብቀውና ላልተው የሚነበቡ ቃላትን በእርሳስ ምልክት አድርጊባቸው። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ «ይበላል» በይው ሳይታወቅ በይም ተበይም ይሆናል፤ በሰላሳ ልጆች ፊት ተደናቅፎ ከመመለስ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ሥዕሉን አይተሽ ስትጨርሺ ስም ያለው ማን ነው፣ የሚናገረው ማን ነው፣ ሐሳብ የሚያመጣው ማን ነው ብለሽ ቁጠሪ። ሴት ልጆች በየሥዕሉ ኖረው አንድም ዓረፍተ ነገር የማይናገሩበት መጽሐፍ ብዙ ነው። አካል ጉዳተኛ ልጅ የገባው ሌሎቹ እንዲያዝኑለት ብቻ ከሆነም ጻፊው። ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ የተባሉ ምሁር በ1990 ባወጡት ጽሑፍ መጻሕፍት ለልጅ መስኮት፣ መስታወትና የሚገፋ የብርጭቆ በር ናቸው ብለዋል፤ በመስኮቱ የሌላውን ሕይወት፣ በመስታወቱ ራሱን ያያል፣ በበሩ ደግሞ ወደ ሌላው ዓለም ይገባል። አንድን መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን መላውን የክፍል መደርደሪያ በዚህ ዓይን ፈትሺ፦ ራሱን በየትኛውም መጽሐፍ የማያይ ልጅ አለ? ራሱን ብቻ የሚያይስ?

መረጃ ሰጪ መጽሐፍ ላይ ጥብቅ ሁኚ። የታተመበትን ዓመት እዪ፤ ፕሉቶ በ2006 ከፕላኔትነት ስለወጣች «ዘጠኝ ፕላኔቶች» የሚል መጽሐፍ ጊዜው አልፎበታል። ሸረሪትን ነፍሳት ብሎ ስድስት እግር የሣለላት ካገኘሽ፣ ስምንት እግር እንዳላት የማያውቅ ሰው የቀረውን ገጽ እንዴት እንደጻፈው ጠርጥሪ። ማውጫ፣ የቃላት መፍቻና መጠን የሚያሳይ ሥዕል መኖራቸውንም ተመልከቺ።

ከባድነቱን ለመለካት አንድ ልጅ 100 ቃል ያህል ጮክ ብሎ እንዲያነብልሽ አድርጊና ስሕተቱን ቁጠሪ። ራሱ ያረመውን አትቁጠሪበት። 95ና ከዚያ በላይ በትክክል ካነበበ ብቻውን ይችለዋል፤ ከ90 እስከ 94 ከሆነ በአንቺ እገዛ፤ ከ90 በታች ከሆነ ለጊዜው አቆዪው። መለኪያው የመጣው ከእንግሊዝኛ ንባብ ነውና በአማርኛ እንደ መነሻ ብቻ ያዢው፤ «አልነገርኳቸውም» አንድ ቃል ሆኖ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያህል ይሸከማል። በትክክል ያነበበ ሁሉ ገባው ማለትም አይደለም፤ መጽሐፉን ከድነሽ እንዲተርክልሽ ጠይቂው። ማንበብ ያቃተውን መጽሐፍ ሲነበብለት በደንብ የሚረዳ ልጅ ብዙ ስለሆነ፣ «ለማዳመጥ» እና «ለብቻ ማንበቢያ» ብለሽ ለይተሽ መዝኚ።

ሽልማት አያታልልሽ። በአሜሪካ ከ1922 ጀምሮ የሚሰጠው የኒውቤሪ ሜዳልያ ለድርሰቱ ነው፤ ከ1938 ጀምሮ የሚሰጠው የካልዴኮት ሜዳልያ ግን ለሥዕሉ ነው። ካልዴኮት ያገኘ መጽሐፍ ታሪኩ ተራ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም የሚመርጡት አዋቂዎች ናቸው።

ግምገማ ስትጽፊ ደግሞ ተማሪዎች ሁሉ የሚወድቁበት ቦታ አለ፦ ሦስት ገጽ ታሪኩን ይተርኩና በመጨረሻ «ጥሩ መጽሐፍ ነው» ይላሉ። ትረካው ከጽሑፍሽ ሩብ አይለፍ። የምትሰጪው ፍርድ ሁሉ የገጽ ቁጥር ይኑረው። ለየመስፈርቱ ነጥብ ሰጥተሽ መደመርንም አልወደውም፤ ሥዕሉ አምስት፣ ቋንቋው አምስት፣ ለአንድ ሕዝብ ያለው ንቀት አንድ ሲደመር ደህና ውጤት ይመስላል፤ ያ ንቀት ግን ብቻውን መጽሐፉን ይጥለዋል።

የጻፍሽውን ፍርድ በመጨረሻ መጽሐፉን ለጥቂት ልጆች አንብበሽ ፈትኚው። «ምን ተማራችሁ?» አትበዪ፤ ያንን ስትዪ የሚነግሩሽ አንቺ መስማት የፈለግሽውን ነው። «ምን ገረማችሁ? የትኛውን ገጽ ደግሜ ላንብብ?» በዪ። የጠየቁትን ገጽ ቁጥርና የተቁነጠነጡበትን ቦታ ከደራሲው፣ ከሠዓሊውና ከኅትመት ዓመቱ ጋር በአንድ ካርድ ላይ ጻፊ። የመጀመሪያውን ግምገማሽን ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ