ለአበጋሮችም በጀት ይመደብ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ወንጀል ለመከላከል መንግስት ገንዘቡን ፖሊስና ሚሊሻ ላይ ብቻ ማዋሉ ወሎ ላይ አያዋጣም ባይ ነኝ። እኛ ጋ ሰው ሲገደል ፍርድ ቤቱ ገዳዩን ያስራል፣ የሟች ወንድም ግን ቂሙን ይዞ ይጠብቃል፣ ያንን ደም የሚያደርቁት አበጋሮች የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው፣ ዱአ አድርገው ካሳ አስከፍለው ሁለቱን ቤተሰብ የሚያስታርቁ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ደግሞ መሳሪያ በዝቷል፣ አንድ ጠብ ሳይበርድ ካደረ ሌላ ሰው ይሞታል፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ሽማግሌ ከቀበሌ ቀበሌ ሲመላለስ ትራንስፖርት አለ፣ የእርቁ ቀን ወጪ አለ፣ ይሄን ከኪሱ አውጣ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ እንደ ሀብሩ፣ ቃሉ፣ ወረባቦ ያሉ የወሎ ወረዳዎች ምክር ቤቶቻቸው ከሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት ለዚሁ ስራ ራሱን የቻለ ገንዘብ ያጽድቁ፣ በደረሰኝም ይወራረድ።