የባዮዲዝል ትርፍ የሚገኘው ዘይቱ ሲገዛ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከፒያሳና ከካዛንቺስ ሆቴሎች ያገለገለ ዘይት ሰብስበው ባዮዲዝል (ናፍጣን የሚተካ ነዳጅ) ለማምረት የሚያስቡ ሰዎች ቀድመው የሚጠይቁት የማሽኑን ዋጋ ነው። ከማምረቻ ወጪው ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን የሚበላው ግን ዘይቱ ነው። 100 ሊትር ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ፣ ውሃው ወጥቶ፣ በሥራው ላይ የሚፈጠረው ሳሙና ታጥቦ 85 ሊትር ባዮዲዝል ወጣው እንበል። በሊትር ዘይት ላይ 10 ብር ሲጨመር በሊትር ባዮዲዝል ላይ 12 ብር ገደማ ይጨምራል። የናፍጣን ዋጋ የሚተምነው መንግሥት ስለሆነ አምራቹ ጭማሪውን ገዢው ላይ መጣል አይችልም። በዐቢይ ጾም የምግብ ዘይት ሲወደድ ያገለገለውም አብሮ ይወደዳል፤ ናፍጣ ግን ባለበት ሊቆይ ይችላል። ብዙ እቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ከሆቴሎች ጋር የሚደረገው ውል በቁርጥ ብር ባይሆን ይመረጣል። የዘይቱ ዋጋ ከማደያው የናፍጣ ዋጋ ይህን ያህል በመቶ ይሁን ተብሎ ይጻፍ፤ ናፍጣ በተከለሰ ቁጥር አብሮ ይከለሳል።

ዘይቱን ወደ ባዮዲዝል ለመቀየር የሚጨመረው አልኮል፣ ሜታኖሉ፣ በዶላር ነው የሚመጣው። ለ100 ሊትር ዘይት 20 ሊትር ያህል ይገባል፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ በድሮው ዋጋ ማስላት አይቻልም። መጻሕፍት ድብልቁን በ60 ዲግሪ አሙቁ ይላሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ሜታኖል የሚፈላው በ58 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ክዳኑ ካልገጠመ ገንዘቡ በእንፋሎት ይሄዳል፣ ለሠራተኛውም መርዝ ነው፣ እሳትም ያስነሳል። ከ50 እስከ 53 ዲግሪ ይዞ ጊዜውን ማርዘም ይሻላል።

ዘይቱ ሲገባም ይመርመር። 1 ሚሊ ሊትር ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ይሟሟና በሊትር 1 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ያለው ውሃ አሲዱ እስኪጠፋ ድረስ በጠብታ እየተጨመረበት ይለካል። ከ5 ሚሊ ሊትር በላይ ከፈለገ አሲዱ በዝቷል፤ ግማሹ ሥራ ሳሙና ማጠብ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጀሪካን ዋጋው ዝቅ ይበል፣ ካልሆነም ይመለስ።

ሌላው ጉዳይ ፓልም ነው። ከፓልም ዘይት የተሠራ ባዮዲዝል 15 ዲግሪ አካባቢ መደፍረስ ይጀምራል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል። ጠዋት የጀኔሬተሩ ፊልትሮ ይደፈናል፣ ደንበኛውም አይመለስም። በእነዚህ ወራት ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ ብቻ ቢሸጥ ይሻላል፤ የሽያጩ መጠን እንደሚቀንስም ከወዲሁ በሂሳቡ ይግባ።

ከባዮዲዝሉ ጋር ተረፈ ምርት ሆኖ የሚወጣውን ግሊሰሪን በገቢ ዝርዝር ውስጥ አታስገቡት። ሜታኖልና ሳሙና ያለበት ጥሬ ግሊሰሪን ገዢው ጥቂት ነው፤ ከተሸጠ የማጓጓዣውን ቢሸፍን ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ