አማካሪዎች ቀን ይቁረጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፦

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። ማስተርሴን የምማረው አዲስ አበባ ነው። ኮርሱን ከጨረስኩ ቆየሁ፣ የቀረኝ ቴሲስ፣ ማለትም በአማካሪ መምህር እየታየ የምጽፈው የመመረቂያ ጥናት ብቻ ነው። «ቴሲስ ብቻ ነው የቀረኝ» እያልኩ ዓመት ከመንፈቅ ሞላኝ። ይቺ «ብቻ» የምትባል ቃል ስንት ቤት እንዳመሰች የደረሰበት ያውቀዋል።

ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ባለፈው ሳምንት በመምህራን ክፍል የሰማሁት ነገር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ማስተርስ የጀመረ ሰው ቤቱንም ጨዋታውንም እስኪመረቅ ይርሳ» አለ። ሌሎቹም አዎ አሉ። እኔ ግን አልስማማም። የማልስማማው ራሴ ሞክሬው ስላየሁት ነው።

ጥናቴ መንዝ ላይ ነው። የበግ ፀጉር ፈትለው ባና እና ዝተት የሚባሉትን የሱፍ ጨርቆች የሚያሠሩ ቤተሰቦች ከዚህ ሥራ ምን ያህል እንደሚያገኙ ነው የማጠናው። መሐል ሜዳ ከተማ አካባቢ መጠይቅ ይዤ ስዞር ሴቶቹ እንዝርታቸውን ሳያስቀምጡ ነበር የሚመልሱልኝ። አንዲት እናት ቡናው እየፈላ፣ የልጅ ልጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንደተኛ፣ ጥያቄውን ከዳር እስከ ዳር መለሱልኝ። ሥራ አስፈታሁዎት ብዬ ይቅርታ ስጠይቃቸው «ኧረ ልጄ፣ እኔ ነገር የሚታወሰኝ ስፈትል ነው» አሉኝ።

ያን ጊዜ አባባላቸው አልገባኝም። ደብረ ብርሃን ተመልሼ የሰበሰብኩትን መረጃ ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ስጀምር ሌላውን ሁሉ ተውኩት። ቀን ትምህርት ቤት፣ ማታ ላፕቶፕ ሆነ። እራቱን ባለቤቴ ተረከበው፣ አማቴም መጥተው ልጅቷን ያዙልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ልጄ ፊደል ከእኔ ጋር ነበር የጀመረችው። ነ ላይ ደርሰን ነበር። አንድ ማታ ቀና ስል አባቷ ጎን ቁጭ ብላ ጰ ጱ ጲ ትላለች። መቼ እዚያ እንደደረሰች አላየሁም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በገናዬንም ሰቀልኩት። በገና መማር የጀመርኩት ከማስተርሱ በፊት ነው። አሥሩም አውታር ከበግ አንጀት ነው የሚሠራው፣ እንዲያው ኑሮዬ ሁሉ ከበግ ጋር ሆኗል። ዐቢይ ጾም 55ቱም ቀን አለፈ፣ አንድ ቀን እንኳ አላነሳሁትም። ባነሳው ኖሮ ቴሲሱ የሚዘገይ ይመስለኝ ነበር።

ቴሲሱን ያዘገየው ግን ሌላ ነው። ምዕራፍ ሦስትን ለአማካሪዬ የላክሁት ግንቦት 23 ነው። «በሳምንት አየዋለሁ» አሉኝ። እኔም ኮሜንቱ ሲመጣ ወዲያው እጀምራለሁ ብዬ ቅዳሜና እሑዱን ሁሉ ባዶ አደረግሁ፣ እህቴ ጋ ሳልሄድ፣ ማኅበሬን ሳልጠጣ፣ ልጄን የትም ሳልወስድ ክረምቱ አለፈ። ኮሜንቱ የመጣው በ11ኛው ሳምንት፣ ለቡሄ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። መልእክቱ «በሦስት ቀን አስተካክለሽ አስረክቢ» ይላል። መብራት ይጠፋል ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ይዤ በጫጫ፣ በሸኖ፣ በአለልቱ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አስረከብኩ። ልጆች ደጃችን ላይ ሆያ ሆዬ ሲሉ እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። ሙልሙልም አልጋገርኩ።

አማካሪዬን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። አንድ መምህር ስንት ተማሪ እንደሚሸከም አያለሁ፣ እኔም መምህር ነኝ። ያስተምራሉ፣ ያርማሉ፣ እሳቸውም ቤት አላቸው። ነገር ግን ቤቴን ያናጋው የሥራው ብዛት አይደለም። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ነገር መጠበቁ ነው። ሥራ ከበዛ ይከፋፈላል፣ ቀን የሌለውን ነገር ግን በምን ትከፋፍለዋለህ? የተሰጠን መመሪያ ላይ ተማሪው የሚያስረክብበት ቀን ተጽፏል። አማካሪው የሚመልስበት ቀን የለም።

መስከረም ላይ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል የቴሲስ እንዲሆን፣ ቅዳሜ የልጅ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ የበገና እንዲሆን ተስማማን። ኮሜንት ቢመጣም ባይመጣም። በዚህ አካሄድ ሌላ ዓመት ልጨምር ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን ምዕራፍ አራት ኅዳር ላይ አለቀ። አንድ ሠንጠረዥ ለሁለት ሳምንት አልፈታ ብሎኝ ነበር። እሑድ በገናዬን እየቃኘሁ፣ የላላውን አውታር እያጠበቅሁ፣ ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ ድንገት ታየኝ። የመሐል ሜዳዋ እናት ያሉኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ውርጩ አጥንት በሚሰብርበት በታኅሣሥ ማታም ከልጄ ጋር ብርድ ልብስ ተከናንበን እናነባለን። አሁን እሷ ናት የምታነብልኝ።

ስለዚህ ልመናዬ ለትምህርት ክፍሎች ነው። አማካሪው በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ መመሪያው ላይ ይጻፍልን። ሁለት ሳምንትም ይሁን አንድ ወር፣ ብቻ ይታወቅ። ካልቻሉም «አልደረሰልኝም፣ በዚህ ቀን እመልሳለሁ» የምትል አጭር መልእክት ትበቃናለች። ያቺን ካወቅን ከዚያ በፊት ያለው ቅዳሜ የልጃችን ነው። ቴሲስ ይዛችሁ ክራሩን፣ ሩጫውን፣ ኳሱን የሰቀላችሁም አውርዱት። ቤተሰቦቻችሁንም ቀኑን ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው፣ እኔ በስምንተኛው ወር ከምነግራቸው በመጀመሪያው ሳምንት ብነግራቸው ኖሮ እላለሁ።

ምዕራፍ አምስትን የላክሁት ጥር 14 ነው። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

አክባሪያችሁ
አንዲት መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን