ባሕር ዳር ስልሽ ጣና እንዳይመስልሽ

ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤውን የምታነብልሽ የእህቴ ልጅ ከሆነች ቀስ ብላ ታንብብልሽ። መጨረሻው ላይ የምናዘዘው ነገር አለኝ። እሷም ብትሰማው ግድ የለም።

ቅዳሜ ዕለት ባሕር ዳር ዋልኩ። ባሕር ዳር ስልሽ ጣና እንዳይመስልሽ። ሞርካም ትባላለች፣ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከማንችስተር እስከ ላንካስተር በባቡር፣ ከዚያ ሌላ ባቡር ቀይሮ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት «ቪንቴጅ ፌስቲቫል አለ፣ እንሂድ» ያለችኝ። ቪንቴጅ የሚሉት የድሮ ዘመን ልብስና ዕቃ ነው። አንቺ ሰልባጅ የምትዪው። ይኸው አሁንም «ሰልባጅ ለማየት ባቡር ተሳፈርሽ?» ስትዪ ይሰማኛል።

አዎ ተሳፈርኩ። እናንተ ለእንቁጣጣሽ መርካቶ ወርዳችሁ ለልጆቹ አዲስ ቀሚስ ስትመርጡ፣ እዚህ ሰው አያቱ የለበሰችውን ፈልጎ፣ ተኩሶ፣ ለብሶ አደባባይ ይወጣል። መግቢያው በነጻ ነው። ፌስቲቫሉን ካስጀመሩት አንዱ ዌይን ሄሚንግዌይ የሚባል የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፣ የታወቀ ዲዛይነር። እሱና ሚስቱ ንግድ የጀመሩት የገዛ ልብሳቸውን ለንደን ካምደን ገበያ አውጥተው በመሸጥ ነው። ሰልባጅ ነጋዴ ነበሩ ማለት ነው እንግዲህ፣ አትናቂያቸው።

ዋናው ግርግር ሚድላንድ የሚባለው ሆቴል አጠገብ ነው። ነጭ ነው፣ ጎበጥ ያለ፣ ከሩቅ ስታዪው መርከብ ይመስላል። በ1933 እ.ኤ.አ. የባቡር ኩባንያ ነው ያሠራው። ጣልያን አገራችን ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው መሆኑ ነው። የባቡር ሆቴል ሲሉኝ ለገሃር ያለው ቡፌ ደ ላ ጋር ትዝ አለኝ፤ አባዬ ሙሽራ ሳለሽ ወስዶ ሎሚናት የጋበዘሽ። ይሄኛው በ1998 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ ሊፈርስ ደርሶ ነበር አሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ታድሶ ተከፈተ።

ከፊት ለፊቱ አሮጌ መኪኖች ተደርድረዋል። አንድ ሰውዬ ቮልሱን እንደ ሕፃን በጨርቅ ያባብሳል፣ ሕዝቡ ፎቶ ያነሳል። የእኛ ሰፈሩ ቮልስ ገና ጡረታ አልወጣም፣ ጤፍ እየጫነ ነው ብላቸው ማን ያምነኛል? ሴቶቹ ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው፣ ከንፈራቸውን ቀይ አድርገው መጥተዋል። አንድ የአንቺ እኩያ የሚሆኑ አባት ከዘራቸውን ወንበር ላይ አስደግፈው ስዊንግ የሚባለውን የድሮ ዳንስ ሲደንሱ አየሁ። ከዘራው ወደቀ። ማንም አላነሳውም፣ እሳቸውም አልፈለጉትም።

ምሳ የአካባቢው ምግብ ነው ብለው ሽሪምፕ አቀረቡልን። ጣት የማታክል የባሕር ነገር ናት፤ ቀቅለው ቅመም በገባበት ቅቤ ውስጥ ያረጓታል። አንቺ ብታዪው ታማትቢ ነበር። ቅቤው ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያንቺን ቅቤ ሊያስታውሰኝ ምንም አልቀረውም።

ከሰዓት ባሕሩ ሸሸ። ዝም ብሎ ሄደ፣ እማዬ። 310 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል አሸዋና ጭቃ ነው የሚገለጠው። ሲመለስ ደግሞ ከፈረስ ይፈጥናል ይላሉ፤ ያለ መሪ አይገባበትም። በ2004 እ.ኤ.አ. በብርዱ ወቅት፣ በጨለማ፣ ቢያንስ 21 ቻይናውያን ስደተኞች እዚያ ሰምጠው ሞቱ። ለአሠሪ የባሕር ዛጎል ሲለቅሙ ነው። በዚያው ዓመት እንደዚህ ዓይነት ሠራተኛ አቅራቢዎች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ጓደኛዬ ይህን ስትነግረኝ ሙዚቃው ከኋላችን እየጮኸ ነበር። አሸዋውን ትንሽ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወደ ልብሶቹ ተመለስን።

ዋናው ጉዳዬ እዚህ ጋ ነው።

አንዲት ሻጭ ድንኳን ውስጥ ቡናማ ካፖርት ተሰቅሏል። ሰፊ ኮሌታ፣ ስድስት ትልልቅ ቁልፍ። እጄ ዋጋውን ሳያይ ውስጡን ገለበጠ፤ አንቺ ያስለመድሽኝ ነው፣ ልብስ በጀርባው ነው የሚታየው ትዪ የለ። ዘምዘማው በእጅ ነው። እጥፋቱ ውስጥ አራት ጣት ትርፍ አለው። ሴትየዋ «ልብስ ሰፊ ነሽ?» አለችኝ። «እናቴ ናት» አልኳት። ከዚያ በኋላ እንደ ዘመድ ሆንን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያም በኋላ፣ ከ1941 እስከ 1949 እ.ኤ.አ.፣ እዚህ አገር ልብስ በኩፖን እንደነበር አጫወተችኝ። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ሰው በዓመት 66 ኩፖን፤ የሴት የሱፍ ካፖርት ብቻውን 14 ይበላ ነበር። ኩፖን ስትለኝ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የዚያ ዘመን ብዙ ልብስ ውስጡ ሁለት «ሲ» ፊደልና 41 ቁጥር ያለበት ምልክት አለው፤ ሰብሳቢዎች እሱን ነው የሚያድኑት። ይሄኛው የለውም። ከዚያ በኋላ የተሰፋ ነው።

ዋጋው 95 ፓውንድ።

ያንን ካፖርትሽን ታስታውሺዋለሽ። አባዬ ከአስመራ ባመጣልሽ ጨርቅ፣ ሲንገርሽ ላይ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብለሽ የሰፋሽው። ጠፋ ስልሽ ነበር። አልጠፋም። አንቺ ለቅሶ በሄድሽበት ቀን «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ የሚያልፈውን ልጅ በር ላይ ጠርቼ፣ ካፖርቱን ሰጥቼ ሰማያዊ ሳፋ ወሰድኩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ብርድ በሆነ ቁጥር እሱን ለብሰሽ ትምህርት ቤት ትመጪ ነበር፤ ጓደኞቼ ያዩብኛል ብዬ አፍር ነበር። ማታ ስትመጪ ሳፋውን አየሽው። ቁም ሣጥኑን ከፈትሽ፣ ዘጋሽ። «ሳፋው ደህና ነው» አልሽና ወጥ ልታማስዪ ገባሽ። ጠፋ ያልኩሽ በማግስቱ ነው፣ አንቺ ምንም ሳትጠይቂኝ።

የሞርካሙ ያንቺ አይደለም። ገበሩ ቀይ ነው፣ ያንቺ ወርቃማ ነበር። ግን ለበስኩት፣ እጅጌው ልኬ ሆነ። አልገዛሁትም። የቤት ኪራይ መክፈያ ሳምንት ነው፣ አንቺም ብትሰሚ 95 ፓውንድ ስንት ብር እንደሚሆን ትቆጥሪና ትታመሚያለሽ። ሴትየዋ ከሥር በጣሳ የሞላ ቁልፍ አላት። እየበረበርኩ ስድስት አንድ ዓይነት አገኘሁ፣ ቡናማ፣ አራት ቀዳዳ። በ4 ፓውንድ ሸጠችልኝ።

ለመስቀል የሚመጣ ሰው አለ፣ ይዞልሽ ይመጣል። የጉልበት ቅባቱም አብሮ አለ፣ ማታ ማታ ተቀቢው። ሲንገሩን ለማንም እንዳትሰጪ፣ ቆራሌው ቢጮህም በር እንዳትከፍቺ።

ሳፋው ግን አሁንም አለ?

ልጅሽ