መልሶ ግንባታ ምርኮ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የአስተያየት ዓምድ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ ጦርነት ሲያበቃ የፈረሰውን መልሶ የመገንባት ሥራ ለማን ይሰጥ የሚለውን ጥያቄ አንስተው፣ ጦርነቱን የተቃወመ አገር ከሥራው ድርሻ ሊጠይቅ እንደማይገባው ጽፈዋል። እኔ በጎንደር ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች በገጠር ውሃ ሥራ ላይ በኤሌክትሮ መካኒክነት 26 ዓመት አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። የጸሐፊውን ሐሳብ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን በሙያዬ ካየሁት ጋር ፈጽሞ ሊስማማልኝ ስላልቻለ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ጸሐፊው በአብነት የጠቀሱት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የወረረቻትን የኢራቅን ጉዳይ ስለሆነ እኔም ከዚያው ልነሳ። ኅዳር 25 ቀን 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2003) የአሜሪካ ምክትል መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ፖል ዎልፎዊትዝ በፈረሙት ማስታወሻ፣ በአሜሪካ ገንዘብ በሚሠሩትና 18.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጡት 26 ዋና ዋና ኮንትራቶች ላይ መወዳደር የሚችሉት የ63 አገሮች ኩባንያዎች ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። ምክንያቱ «የአሜሪካን መሠረታዊ የደኅንነት ጥቅም ለማስጠበቅ» የሚል ነበር። ጦርነቱን የተቃወሙት ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ሩሲያ፣ ወታደር ያልላከችው ካናዳም ጭምር፣ ከዝርዝሩ ውጭ ሆኑ። በንዑስ ተቋራጭነት መግባት አልተከለከሉም፤ ዋናው በር ግን ተዘጋባቸው።

የእኛም አገር ስም ከ63ቱ መካከል ነበር። ኢትዮጵያ አንድም ወታደር ወደ ኢራቅ ሳትልክ «የፈቃደኞች ጥምረት» በሚባለው ጦርነቱን የደገፉ አገሮች ስብስብ ውስጥ በመመዝገቧ ብቻ ለጨረታው ብቁ ተባለች፤ ኤርትራም እንደዚሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በባድመ ግንባር ሲዋጉ የነበሩት ሁለቱ አገሮች በአንድ ወረቀት ላይ ኢስቶኒያን ብቻ በመካከላቸው አድርገው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ዝርዝሩን ስናነብ፣ የባግዳድን የኤሌክትሪክ ተርባይን የሚጠግን የትኛው የኢትዮጵያ ኩባንያ እንደሆነ ተጠያየቅን፤ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም። ተርባይኑን የሚያውቁት ደግሞ በር የተዘጋባቸው ነበሩ፤ የኢራቅ የኃይል ማመንጫዎች ላይ ለዓመታት የሠሩት የሩሲያና የጀርመን ባለሙያዎች ናቸውና።

ይህ ነገር ለእኔ የወረቀት ክርክር ያልሆነብኝ ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ ከአይከል ወዲህ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ በናፍጣ ሞተር የሚሠራ አንድ የውሃ ፓምፕ ነበር። ሞተሩ አርጅቶ ሲቆም የሚያስፈልገው ኩሽኔታና ጥቂት ማሸጊያ ላስቲክ ብቻ ነበር፤ ዕቃውም ከመርካቶ ይገኛል። በዚያው ወቅት ግን አንድ ረጂ ድርጅት ገንዘብ ይዞ መጣ፤ የገንዘቡ ቅድመ ሁኔታም ዕቃው ከሰጪው አገር ኩባንያ እንዲገዛ የሚያስገድድ ነበር። አሮጌው ወደ መጋዘን ተጣለ፤ አዲሱ ተተክሎ ሪባን ተቆረጠ። በስምንተኛው ወር የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ተቃጠለ። ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው እስካሁን አይረሳኝም፤ በክፍሎቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከመካከላችን ማንበብ የሚችል አልነበረም። መለዋወጫውን በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባም ፈልገን አጣን። ጄሪካኖቹ በቧንቧው ፊት እንደተሰለፉ አቧራ ለበሱ፤ ሴቶቹ ወደ ወንዙ ተመለሱ። አንዲት እናት ወደ እኔ ቀርበው «ልጄ፣ ማን እንደሰጠን ይቅርና ማን እንደሚጠግነው ንገረን» አሉኝ። አጥጋቢ መልስ ልሰጣቸው አልቻልኩም።

ስለዚህ በኢራቅ ስለሆነው ባነበብኩ ቁጥር የሚታዩኝ እኒያ እናት ናቸው። የአሜሪካ የኢራቅ መልሶ ግንባታ ልዩ ዋና ኢንስፔክተር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት፣ ከወጣው 60 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ ቢያንስ 8 ቢሊዮን ዶላር መባከኑን ገምቷል። በፋሉጃ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ በ32.5 ሚሊዮን ዶላር ተጀምሮ ከ100 ሚሊዮን በላይ ፈጅቷል፤ በካን ባኒ ሳድ የተጀመረው እስር ቤት 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከበላ በኋላ ሳያልቅ ተትቷል። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው የኅዳሩ ማስታወሻ ነው አልልም፤ የጸጥታው መጥፋት፣ ያለ ጨረታ የተሰጡ ሥራዎችና የቁጥጥር መላላት የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ተወዳዳሪን በችሎታው ሳይሆን በወዳጅነቱ የሚለይ ጨረታ ዋጋን እንደሚያስወድድ፣ ጥራትንም እንደሚያሳጣ፣ ለቀበሌ የውሃ ጉድጓድ ጨረታ ሰነድ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

ጸሐፊው ያቀረቡት አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ እሱን ማለፍ አልፈልግም። ገንዘቡ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ስለሆነ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ከፋዩ ነው ይላሉ። ሰው የገዛ ገንዘቡን ለመረጠው ቢሰጥ ማን ይከለክለዋል? በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ሁሉም ገንዘብ የአሜሪካ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 ባጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 1483 መሠረት የኢራቅ የነዳጅ ሽያጭ ገቢ ወደ ኢራቅ የልማት ፈንድ እንዲገባ ተደርጎ፣ የሚያዝዙበት ግን ያን ጊዜ አገሪቱን ይገዙ የነበሩት ኃይሎች ሆኑ። ከዚያም ፈንድ ለአሜሪካ ኩባንያዎች ብዙ ገንዘብ ተከፍሏል። የኢራቅ ሕዝብ በራሱ ነዳጅ ገንዘብ ማን እንዲሠራለት እንደሚፈልግ ግን አልተጠየቀም።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ማስታወሻው በወጣበት በዚያው ሳምንት ፕሬዚዳንት ቡሽ፣ የኢራቅ ዕዳ እንዲሰረዝ አበዳሪዎችን የሚለምን ልዩ መልእክተኛ አድርገው ጄምስ ቤከርን ሾሙ፤ ከአበዳሪዎቹ ዋና ዋናዎቹ ደግሞ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ሩሲያ ነበሩ። ከጨረታው የተባረሩት መንግሥታት ያበደሩትን ዕዳ እንዲምሩ ተጠየቁ ማለት ነው። በስተመጨረሻ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 የአበዳሪ መንግሥታት ስብስብ የሆነው የፓሪስ ክለብ አባላት ኢራቅ ለእነሱ ካለባት 38.9 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 80 በመቶውን ለመሰረዝ ተስማሙ። ሲምሩ የተፈለጉ፣ ሲሠሩ ያልተፈለጉ ነበሩ። ካናዳም ማስታወሻው በወጣ በወሩ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 2004፣ በሁለተኛው ዙር እንድትወዳደር ተፈቀደላት፤ «የደኅንነት ጥቅም» የተባለው ነገር በአንድ ወር ውስጥ መላላቱ፣ ከመጀመሪያውም ቅጣት እንጂ ጥንቃቄ አለመሆኑን ያሳየኛል።

የክርክሩ ስሕተት «ድርሻ» ከሚለው ቃል የሚጀምር ይመስለኛል። ድርሻ የሚባለው ለምርኮ ነው። ስለ ምርኮ ከሆነማ ዳዊት ከአማሌቃውያን ባስመለሰው ላይ፣ ወደ ሰልፍ የወረደውና በዕቃው ዘንድ የቀረው እኩል እንዲካፈሉ ፈርዷል። ነገር ግን የባግዳድ መብራት፣ የባስራ ሆስፒታል፣ የፋሉጃ ቧንቧ የማንም ምርኮ አይደሉም። የዘመተው «ደሜን አፍስሻለሁና ሥራው የእኔ ነው» ማለት እንደማይችል ሁሉ፣ የተቃወመውም «እኔ እውነተኛ ነበርኩና ይገባኛል» ሊል አይችልም። ሁለቱም እንደማንኛውም ተጫራች ሰነዳቸውን ያስገቡ፤ ዋጋቸው፣ ልምዳቸው፣ መለዋወጫ የማቅረብ ችሎታቸው ይመዘን።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ከሌላ አገር መማር አያስፈልገንም። በጎንደር ፒያሳ ቆሞ ፖስታ ቤቱን የተመለከተ ሰው ወራሪው የሠራውን ያያል፤ የጣሊያን ጦር ለመጨረሻ ጊዜ እጁን የሰጠውም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በዚችው ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ፤ በኋላም በካሳው ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ። ከሁሉ የከፋ በደል የፈጸመብን አገር ካሳ እንኳ ለመብራታችን ሲውል «በጠላት ገንዘብ የበራ አምፖል አንፈልግም» ያለ አልነበረም። የተጠየቀው ግድቡ ይሠራል ወይ የሚለው ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ኢራቅ ብቻ አስቤ አይደለም። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ጎረቤታችን ሱዳን እየነደደች ነው፤ በመተማ በኩል የገቡትን ስደተኞች በኩመር መጠለያ በዓይናችን አይተናል። ያ ጦርነት አንድ ቀን ያበቃል፤ ያን ጊዜም ገንዘብ ያላቸው መንግሥታት ማን ከማን ጋር እንደነበረ የሚቆጥር ዝርዝር ይዘው እንደሚመጡ አልጠራጠርም። የእኛ መንግሥት በዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት ከመሽቀዳደም ይልቅ አንድ ነገር አጥብቆ እንዲጠይቅ በጋዜጣችሁ በኩል አሳስባለሁ፤ ከማንኛውም ጨረታ በፊት የሱዳን መሐንዲሶችና መካኒኮች በየጣቢያው ያለውን ሞተርና ፓምፕ በዓይነቱ መዝግበው፣ የትኛው መለዋወጫ ከየት እንደሚመጣ ጽፈው ያቅርቡ፤ ያ ዝርዝርም የጨረታ ሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የውሃ ሥራ ባለሙያ፣ ከጎንደር